እትዬ ጽጌ ሳያነቡ አይፈርሙም

እትዬ ጽጌ መሞታቸውን የሰማሁት ከቴሌግራም ነው። ያንገሸገሸኝ ግን ከቴሌግራም መስማቴ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ነው። የድርጅታችን ግሩፕ ላይ ፎቷቸውን ለጥፎ፣ ከሥሩ ሁለት ሻማ አድርጎ፣ «የድርጅታችን እናት፣ እስከ መጨረሻዋ ዕለት በቅንነት ያገለገሉን እትዬ ጽጌ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል» ይላል። የጻፈው ጋሽ ፈለቀ ነው፤ የምሠራበት፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የሚንከባከብ የሆም ኬር ድርጅት ባለቤት። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እስከ መጨረሻዋ ዕለት ነው የሚለው። እትዬ ጽጌ ከእኛ ከወጡ እኮ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። እንዴት እንደወጡ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በዚህ እጄ ነው ያስወጣኋቸው።

ጋሽ ፈለቀን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ እንደ ሁሉም ሰው። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ። ይቅር ይበለኝ፣ አክብሮቴ አልቆብኛል።

እትዬ ጽጌ አገር ቤት ሲስተር ጽጌ ነበሩ። ወሊሶ አካባቢ ጤና ጣቢያ ሃያ ምናምን ዓመት በነርስነት የሠሩ ሴት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ሲመጡ የነርስነት ወረቀታቸው አልሠራ አላቸውና ከእኛ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋዊ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ሾርባ ማሞቅ ሆነ ሥራቸው። ያመጣቻቸው ልጃቸው ወደ ቴክሳስ ስትሄድ «እኔ ሻንጣ መፍታት ሰልችቶኛል» ብለው ሚነርቫ ፓርክ ቤዝመንት ተከራይተው ቀሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ የሚታጠቡ፣ መነጽራቸውን በሰማያዊ የጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። አንዴ ደህና ማንጠልጠያ ገዝቼ ሰጠኋቸው። አመስግነው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ዳግም አላየሁትም።

እኔ ኦፊስ ነኝ። ኦፊሳችን ሞርስ ሮድ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን፣ ሁለት ክፍል ናት። ሠራተኛ እመዘግባለሁ፣ የሥራ ሰዓት ስኬጁል አወጣለሁ፣ ስልክ እመልሳለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ አሥራ አራት ገጽ ወረቀት እሰጠዋለሁ፣ የሚፈረምበት ቦታ ላይ በቢጫ ምልክት አድርጌ። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እትዬ ጽጌ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። እኔ ውስጤ ይቃጠላል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወረዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን ድርጅት ነው?»

«የጋሽ ፈለቀ ነዋ።»

«እዚህ የተጻፈው ስም ሌላ ነው።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ጋሽ ፈለቀ ድርጅቱን ሲከፍት ፎርሙን ከሌላ ሆም ኬር ገልብጦ ኖሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ስሙን ሳይለውጠው ቀርቷል። ከእሳቸው በፊት አርባ ሰው ፈርሞበታል። እኔም ጭምር።

ከዚያ ወዲያ «አንብበሽዋል?» የሚለው ቃላቸው ኦፊሱ ውስጥ መሳቂያ ሆነ። መኪና ገዛሁ ስላቸው «አንብበሽዋል?» አንዷ ሠራተኛ ልታገባ ነው ስንላቸው «አንብባዋለች?» እኛ ስንስቅ እሳቸው አይስቁም።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ስለ ማሕፀን ሲናገሩ ስለ ጉልበት የሚናገሩ ነው የሚመስሉት፤ ድምፃቸውን አይቀንሱም። ሞርስ ሮድ ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ፣ በርበሬው መደርደሪያ ጋ ቆመን፣ አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር በጆሯቸው አንሾካሾከች። «ኪኒኑን ሁለት ቀን ከረሳሽማ ሰባት ቀን መጠንቀቅ አለብሽ» አሉ፣ ካሸሩ ቀና እስኪል ድረስ። ልጅቷ ፊቷ በርበሬውን መሰለ። እኔ ምስር የማገላብጥ መሰልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳትረሳው እየደጋገሙ።

ትዕግሥት ሌላዋ ሠራተኛችን ናት። በዲቪ የመጣች ልጅ ናት፤ ባሏ ረጅም ርቀት ትራክ ይነዳል፣ አንዴ ከወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት አይመለስም። የመጀመሪያ ልጇን እዚህ ስትወልድ የደም ግፊቷ ጣሪያ ነካ። አንቀጠቀጣት፣ ራሷን ሳተች፣ ኩላሊቷም እምቢ አለ። ሆስፒታል አጠገቧ ሆነው ሐኪሞቹ የሚሉትን ያስረዷት እትዬ ጽጌ ናቸው። ሐኪሟ ቁርጡን ነገራት፤ ሌላ እርግዝና ሊገድልሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ መርፌ ትወጋለች። እትዬ ጽጌ ወሊሶ ላይ፣ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ለሚሉ ሴቶች በነፃ ሲወጉት የኖሩት ያው መርፌ ነው። እኔ ነገሩን ያወቅሁት የሕመም ፈቃዷን ወረቀት ስለያዝኩ ነው። «እባክሽ ስሜ ሞርስ ሮድ ላይ እንዳይዞር» ብላ አስምላኛለች።

ስለ ጋሽ ፈለቀ ክፉ ብቻ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። ክፉ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በስደት መጥቶ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ከባዶ ተነስቶ ኒው አልባኒ፣ የሀብታም ሰፈር፣ ቤት የገዛ ሰው ነው። ስንቱን ከኤርፖርት ተቀብሏል፣ ስንቱን ሥራ አስገብቷል፤ እኔንም። ታዲያ አንድ ጥቅምት ላይ ኢንሹራንሳችንን የሚያድስልን ብሮከር መጣና፣ የአሠሪው ሃይማኖት የማይፈቅድለት ከሆነ የወሊድ መከላከያን ከፕላኑ ማስወጣት እንደሚችል ነገረው። ብሮከሩ እግረ መንገዱን ነው ያነሳው። ጋሽ ፈለቀ ግን ያዛት፣ አልለቅም አለ።

«እኔ በገንዘቤ ኃጢአት አልገዛም» አለኝ። «ማንንም አልከለክልም። የፈለገች በራሷ ትግዛ። እኔ አልከፍልም ነው ያልኩት።»

ልብ በሉልኝ፣ የእሱ ቤተሰብ በእኛ ኢንሹራንስ አይደለም የሚታከመው። ሚስቱ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ እሱም ልጆቹም በእሷ ፕላን ነው ያሉት። የእሷ ፕላን ደግሞ ሁሉንም ካቨር ያደርጋል፣ መርፌውንም ኪኒኑንም። ይህን የማውቀው ስሙን ከእኛ ዝርዝር ላይ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። የእሱ ኅሊና የሚቆረቁረው በእኛ ማሕፀን ብቻ ነበር። አሁንም ሳስበው ይቀፈኛል።

ብሮከሩ የሠራተኛ ፊርማ አያስፈልግም ብሎት ነበር። ጋሽ ፈለቀ ግን ፊርማ አማረው። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ፊት «ሠራተኞቼ በአንድ ድምፅ» ማለት አማረው። ዓርብ ዕለት ወረቀቱን በእንግሊዝኛ አርቅቆ መጣ፤ በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። በትንንሽ ፊደል፣ አንድ ገጽ እንዲበቃው።

በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ቤቱ ይዘክራል፣ ሠራተኛውን ሁሉ ይጠራል። ያን ዓመትም ጠራን። የእትዬ ጽጌ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ይዣቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለ ፕላኑ ጠየቁኝ፤ የጋሽ ፈለቀ ቤተሰብ በየትኛው ኢንሹራንስ እንደሚታከም ሳላስበው አመለጠኝ።

ጸሎት ተደረገ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ሚስቱ ቁጭ ብድግ እያለች ክትፎ ትጨምራለች፤ እምቢ ማለት የለም። ከዚያ ኬክ ዞረ። ከኬኩ ኋላ ወረቀቱ በትሪ ላይ ሆኖ፣ ከነብዕሩ፣ መዞር ጀመረ። እጃችን ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የሰው ቤት በልተሽ፣ ሰውየው ቆሞ እያየሽ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ልየው የምትይው? ማንም አላነበበም። ኬክና ለስላሳ ብቻ የቀመሰችው ሙስሊሟ ባልደረባችን ከድጃ እንኳ፣ ወረቀቱ «በክርስትና እምነታችን» እያለ፣ ፈረመች። እኔ ፈረምኩ። ትዕግሥት ፈረመች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ።

ትሪው እትዬ ጽጌ ጋ ደረሰ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጮክ ብለው፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመሩ።

«እኛ ሠራተኞች በሙሉ ፈቃዳችን» ብለው ቀና አሉ። «መቼ ነው የፈቀድነው?»

አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ቀጠሉ። የወሊድ መከላከያ መድኃኒትም ሆነ ሕክምና ከኢንሹራንሳችን እንዲወጣ አሠሪያችንን እንደግፋለን የሚለው ላይ ሲደርሱ ያን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸው በስሞቹ ላይ ወረደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። አየሁት። ትዕግሥት አንገቷን ደፍታለች። እትዬ ጽጌ ወደ እሷ አልዞሩም፤ ዞረው ቢያይዋት ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

«ፈለቀ» አሉ፣ «ይሄን እኛ ነን የምንለው?»

«እትዬ ጽጌ፣ እርስዎን እንኳ አይመለከትም» አለ እየሳቀ። «በዚህ ዕድሜዎ ሊወልዱብን ነው?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«ስለማይመለከተኝ ነው የምናገረው። የሚመለከታቸውማ አፋቸው ውስጥ ክትፎህ አለ።»

ሳቁ ቆመ።

«ማንንም አልከለከልኩም» አለ። «በገንዘቤ አልገዛም ነው ያልኩት።»

«ገንዘብህ አይደለም። ኢንሹራንሱ የደመወዛቸው አካል ነው። ወገባቸው እስኪቆረጥ ሰው አንስተው፣ ሰው አጥበው ያገኙት ነው። ደመወዛቸውን ከሰጠሃቸው በኋላ ምን ገዛችሁበት ብለህ ትከተላቸዋለህ?»

«ሃይማኖቴ ነው እኮ፣ እትዬ ጽጌ።»

«የእኔም ነው። እኔ ከነፍስ አባቴ ጋር እነጋገርበታለሁ። አንተን በነፍስ አባትነት አልያዝኩህም።» ወረቀቱን ትሪው ላይ መለሱት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አንተ በየትኛው ኢንሹራንስ ነው የምትታከመው?»

ሚስቱ የኬኩን ትሪ አንስታ ወደ ኪችን ገባች፤ ትሪው ገና ሙሉ ነበር። ጋሽ ፈለቀ አየኝ። እኔ ኬኬን አየሁ።

እትዬ ጽጌ ተነሱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ኪችን ድረስ ገብተው ሚስቱን «እጅሽ ይባረክ፣ ቤታችሁን ሚካኤል ይጠብቀው» ብለው አመስግነው ወጡ። ይዣቸው የመጣሁት እኔ ነኝ፤ መነሳት ነበረብኝ። ብነሳ ምን ይባላል አልኩ። ኬኬን ጨረስኩ። ሌላ ቁራሽ ተጨመረልኝ፣ እሱንም በላሁ። ስወጣ መኪናዬ ጎን፣ በዚያ ብርድ፣ ነጠላቸውን ኮታቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል። ቁልፍ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው የቆሙት። ስለ ራሴ ከማውቀው ነገር ሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ሁለተኛው ቁራሽ ነው።

ሞርስ ሮድ ደረስን። መብራት ላይ ስንቆም «ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ፊደሉ ትንሽ ነው። ሌላ ጊዜ ተለቅ አድርገሽ ጻፊው፣ ሰው እንዲያነበው።»

ሰኞ ጋሽ ፈለቀ ኦፊስ መጥቶ «የኢንሹራንሱን ነገር ማን ነግሯቸው ይሆን?» አለኝ። «እንጃ» አልኩ። ያኔ ስለ ትዕግሥት፣ ስሟን ሳልጠራ፣ የምትሞት ሰው አለች ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። መሐላዬን ሰበብ አደረግኩ።

ትዕግሥት እትዬ ጽጌን ይቅርታ ጠይቃቸው ነበር። «የሰው እንጀራ በልቼ እንዴት እምቢ ልበል፣ እትዬ?» ብትላቸው፣ «ይሉኝታ በግፊት መለኪያ አይታይም እንጂ» አሏት፣ «ቢታይ ኖሮ ሁላችንም አልጋ ላይ ነበርን።» አልተቆጧትም። መርፌሽ መቼ ነው አሏት።

ጥር ሲገባ ፕላኑ ተለወጠ። በዚያው ሰሞን ጋሽ ፈለቀ «እትዬ ጽጌ ደክመዋል፣ ትንሽ ይረፉ፣ ሰዓት ቀንሺላቸው» አለኝ። እንዲህ ነው ያለው፣ አዝኖላቸው። በየሳምንቱ ቀነስኩ። ኢንሹራንስ ከሚያሰጠው ሰዓት በታች ሲወርዱ ኦፊስ መጡ። ስኬጁሉን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«የጻፍሽው አንቺ፣ ያለው እሱ» አሉ። ባጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ኒው አልባኒ አንድ ዌርሃውስ ገቡ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ። በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው። በሳምንት አራት ቀን ሆኖ ሐሙስ ነፃ የሚሆን ሺፍት ካልሰጣችሁኝ አልገባም ማለታቸውን ሰምቼ፣ ቅበጥ አላቸው እንዴ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ነው ትዕግሥት የነገረችኝ። እንደ ገቢሽ የሚያስከፍል ክሊኒክ አለ፣ ከተማው ወዲያ ጫፍ፣ መርፌውን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ትዕግሥት መኪና አትነዳም፣ ባሏ መንገድ ላይ ነው። በየሦስት ወሩ እትዬ ጽጌ ከነልጇ ይወስዷታል። ክሊኒኩ ሁልጊዜ ያንኑ ፎርም ይሰጣታል፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያነቡላታል። አንድም ሐሙስ አላለፋትም።

ዌርሃውስ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንደተቀመጡ ነው የሄዱት። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ። የግፊት መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር? ሐኪም ያያቸው ነበር? አላውቅም። በእኔ ስኬጁል ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለም ብዬም አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶው የተቀመጠው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ልጃቸው ከቴክሳስ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ንፍሮ ተበላ፣ ውሃ ዞረ። ጋሽ ፈለቀ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ተነሳና ተናገረ። እናታችን አለ። እውነተኛ እንባ ነው ያፈሰሰው፣ አየሁት። ከዚያ ትልቅ ካርድ አወጣ፣ ለልጃቸው በፍሬም የሚሰጥ። ሠራተኛው ሁሉ እንዲፈርምበት በትሪ ላይ ይዞር ጀመር። ከነብዕሩ።

እኔ ጋ ሲደርስ ሃያ ሰው ፈርሟል። ብዕሩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። መነጽር የለኝም እንጂ ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ከመጀመሪያው፣ ጮክ ብዬ፣ ማንበብ ጀመርኩ።

«እስከ መጨረሻዋ ዕለት በድርጅታችን በቅንነት ያገለገሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ይሄ ውሸት ነው፣ ጋሽ ፈለቀ» አልኩ። ፊቴን ግን ወደ ልጃቸው አዙሬ ነበር። «ከእኛ ከወጡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሰዓታቸውን እየቆረጥኩ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ያዘዙኝም በቤትዎ እሳቸው አንድ ወረቀት ስላነበቡብዎ ነው።»

«ኧረ በለቅሶ ቤት» አለ አንድ ሰው።

«ተዋት፣ ተዋት፣ ሐዘን ነው» አለ ጋሽ ፈለቀ። አዘነልኝ። ያው ያኔ ለእትዬ ጽጌ ያዘነውን ሐዘን። ልጃቸው እጇን ዘርግታ ካርዱን ከእኔ ተቀበለችና ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትሪው ባዶውን ቀረ።

ወጣሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ ቁልፌን ስፈልግ ትዕግሥት ልጇን በእጇ ይዛ ከኋላዬ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አፈሩ ሳይደርቅ እንዲህ ማለቴ ነውር ነው» አለች። «እትዬ ሐሙስ ሊወስዱኝ ነበር።»

ልጅቷ እኔን እያየች «ማሚ፣ ኢዝ ሺ ድራይቪንግ አስ?» አለች፤ እሷ ናት የምትነዳልን ማለቷ ነው። ትዕግሥት ዝም በይ አለቻት።

«ጠዋት ነው?» አልኳት።

«ጠዋት ነው። አንቺ ግን ሐሙስ ሥራ አለሽ እኮ።»

«ስኬጁሉን የማወጣው እኔ ነኝ» አልኳት። «እስከዚያ ካባረረኝም ሐሙስ ነፃ ነኝ።»